መዘውሩን የያዘችው ልጅ

ክሌይ ፎርክ፣ ነብራስካ
ጥቅምት 4 ቀን 1879 እ.ኤ.አ.

ለወይዘሮ ሎቪና ፔንሮዝ
ሚልብሪጅ፣ ኦሃዮ

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ በጤና ያግኝዎ። ቤትዎ ይባረክ፣ ከብትዎ ይርባ፤ ከብት ከሌለዎትም ያለዎት ነገር ይርባ።

እኔ ሳይረስ ታልቦት እባላለሁ። እህትዎን ክላሪሳን ላገባው ለዊላርድ አጎቱ ነኝ። ማንበብም መጻፍም አልችልም፤ አፍሬበትም አላውቅም። ይህን የሚጽፍልኝ በበቅሎ እየዞረ የሚሰብከው ሰባኪ ነው። "እርስዎ" በል ያለኝም እሱ ነው። እኔማ አንቺ ልል ነበር፤ በዕድሜ ልጄ ትሆኛለሽና። ይኸው አልኩ። ይጻፈው።

ነገሬ አጭር ነው። ዊላርድና ክላሪሳ ሞተዋል። ከወንዝ የቀዱትን ውኃ ጠጥተው አንጀታቸው ተያዘ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ሄዱ። ጉድጓድ ልቆፍርልህ ስለው "አጎቴ፣ ወንዙ ቅርብ ነው" ይለኝ ነበር። ወንዙ ቅርብ ነው፤ መቃብሩ ደግሞ ከወንዙም ይቀርባል። ሰባኪው "በሰላም አንቀላፉ በል" እያለ ይወተውተኛል። በሰላም አላንቀላፉም። የቀበርኳቸው እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሞቱ የማውቀውም እኔ ነኝ።

አንዲት ልጅ ትተዋል። ስሟ ዖርፋ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ብዙ አትናገርም፤ ከቀብሩ ወዲህ ያለችኝ ነገር ቢኖር "በቅሎህ ማን ትባላለች?" ብቻ ነው። ሚስት የለኝም፣ ኖራኝም አታውቅም። ቤቴ የሣር ሥር ከያዘው አፈር እንደ ጡብ ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ ዝናቡ ውጭ ሲያባራ ውስጥ ይቀጥላል። ሥራዬ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ጠዋት መሬት ውስጥ ገብቼ ማታ እወጣለሁ። የሴት ልጅ ፀጉር እንዴት እንደሚፈታ አላውቅም፤ ሞክሬ ነክሳኛለች።

እርስዎ የእናቷ እህት ነዎት። ዘጠኝ ክፍል ያለው ቤት አለዎት፤ ክላሪሳ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ትነግረኝ ነበር። ስለዚህ ይውሰዷት። እስከ ባቡር ጣቢያው አደርሳታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የእርስዎ ናት። ሰባኪው ይህ ልመና ነው ይለኛል። ልመና አይደለም። የራስዎን ነገር እየመለስኩልዎ ነው።

በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው መልስ ይላኩ።

ሳይረስ ታልቦት (ጣቱን ነክሮ አትሟል)


ሚልብሪጅ፣ ኦሃዮ
የካቲት 20 ቀን 1880

ለአቶ ሳይረስ ታልቦት

የጌታችን ጸጋና ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በኅዳር ነው። መልሱ የዘገየው በሐዘን ምክንያት ነው፤ ከሐዘኑ በኋላ ደግሞ የገና ዝግጅት ነበር፤ ከዚያም የእንግዳ መቀበያው መጋረጃ ተለወጠ፤ ይህ ሁሉ በሴት ልጅ ትከሻ ላይ የሚወድቅ መሆኑን ሚስት ያላገባ ሰው ላይረዳው ይችላል።

እህቴ ክላሪሳ ያንን ጋብቻ የመረጠችው አባታችን እያለቀሰ ነው። "ሰውየው የሚንከራተት ዘር ነው" ብሏት ነበር። የዘራችውን አጨደች አልልም፤ ክርስቲያን ነኝ፤ ቃሉን ያሰብኩት ብቻ ነው።

ልጅቱን በሚመለከት ብዙ ጸልየናል። መልሱም ግልጽ ሆኖልናል። ባለቤቴ አቶ ፔንሮዝ ልቡ ደካማ ስለሆነ ጸጥታ ይሻል። ልጄ አውጉስታ ፒያኖ እየተማረች ነው፤ የምትናከስ ልጅ አጠገቧ ማስቀመጥ ተገቢ አይሆንም። በዚያ አገር ፀጉር ውስጥ ምን እንደሚኖርም ሐኪማችን ነግሮናል። ዘጠኙ ክፍሎች ለእርስዎ ብዙ ይመስሉ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ግን የየራሱ አገልግሎት አለው።

ባዶ እጄን ግን አልቀረሁም። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር አንድ በርሜል ሙሉ ልብስ አሰባስቦ በባቡር ልኳል። አብዛኛው ያልተቀደደ ነው። ልጅቱ የምስጋና ቃል ትላክ፤ በማኅበሩ ፊት ይነበባል። ትሕትና ከልጅነት ካልተጀመረ በኋላ አይመጣም።

በጸሎት የማልረሳችሁ
ሎቪና ፔንሮዝ


ክሌይ ፎርክ
ግንቦት 2 ቀን 1880

ለሎቪና ፔንሮዝ

እግዚአብሔር መጋረጃሽን ያጽናልሽ። እኛ ደህና ነን።

የዛሬው ጸሐፊዬ ባለሱቁ ነው። ሰባኪው የምለውን ሰምቶ "እኔ ይህን አልጽፍም" ብሎ በቅሎውን ጭኖ ሄዷል። ባለሱቁ የሃይማኖት ሰው አይደለም፤ ሁሉንም ይጽፋል። ከእንግዲህም "እርስዎ" የሚባል ነገር ከእኔ አትጠብቂ።

በርሜሉ ደርሷል። በሬዎቼን ጠምጄ ከጣቢያው እስክመለስ ድረስ ልጅቷ "ምን ይኖረው ይሆን?" እያለች ጠበቀች፤ እንኳን እሷ እኔም ጠብቄ ነበር። ከፈትነው። የሐር ጃንጥላ ወጣ። እዚህ ነፋሱ የጋሪ ሽፋን ይዞ ይሄዳል፤ ጃንጥላሽ አሁን ካንሳስ ደርሷል። ወገብ የሚያስር የዓሣ ነባሪ አጥንት ያለበት ነገር ወጣ፤ በቅሎዋ ላይ ሞከርነው፤ አልበቃትም። የሞተ ወፍ የተሰፋበት ባርኔጣ ወጣ። ጭራ ያለው የወንድ ኮት ወጣ፤ በቆሎው ላይ ቁራ እንዲያባርር እንጨት ላይ ሰቀልነው። ቁራዎቹ ትከሻው ላይ ያርፋሉ፤ የኦሃዮ ሰው መሆኑን ዐውቀውታል መሰለኝ። ከሁሉ በታች አንድ ጥንድ የዳንስ ጫማ ነበር፤ ሁለቱም የግራ።

ልጅቷ (አያቴ ነው የምትለኝ) ጫማውን አገላብጣ አየችና፣ "አያቴ፣ ይህች ሴትዮ የእናቴ እህት ናት?" አለችኝ።

"ናት።"

"አይታን ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ታዲያ በምን አወቀች ቀኝ እግር እንደሌለን?"

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ጫማዎቹን ወስዳ ከኩበቱ ጋር ማገደቻቸው። ኩበት አይሸትም፤ ጫማሽ ሸተተ። ይኸውልሽ የምስጋና ቃሏ፤ ለማኅበርሽ አንብቢላቸው።

በርሜሉ ግን ጥሩ በርሜል ነው፤ አያፈስም። ሌላ ጊዜ መላክ ሲያምርሽ ባዶውን ላኪ።

ልጅቷን ውሰጂ ብዬሽ ነበር። አሁን አልልሽም። ፀጉሯን ቆርጬዋለሁ፤ የሚፈታ ነገር የለም፤ ችግሩ አልቋል። በቅሎዋን መንዳት ለምዳለች።

ሳይረስ ታልቦት


ሚልብሪጅ
መስከረም 11 ቀን 1884

ለአቶ ሳይረስ ታልቦት

ሰላምና በረከት ይብዛላችሁ። ያለፈውን ደብዳቤዎን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ይቅር ለማለትም እነሆ አራት ዓመት ወስዶብኛል፤ ይህም ምን ያህል እንደጎዳኝ ያሳያል።

የምጽፈው ለመልካም ሥራ ነው። ማኅበራችን በታኅሣሥ "የምዕራቡ ወላጅ አልባ" የሚል ምሽት አዘጋጅቷል። የራሴ የእህት ልጅ በዚያ ስላለች እኔ እንድናገር ተመርጫለሁ። ስለዚህ ልጅቱ ታሪኳን ትጻፍልኝ፤ በተለይም ተኩላ ያሳደዳት እንደሆነ። ተኩላ ባይሆን ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ፎቶግራፍም ቢላክ፤ ከተቻለ በባዶ እግሯ ሆና።

አውጉስታ ባለፈው የጸደይ ወራት ተዳረች፤ ሙሽራው የካሊፎርኒያ ነጋዴ ነው። ፒያኖው ተዘግቷል። አቶ ፔንሮዝ እንደ ቀድሞው ጸጥታ ይወዳል፤ አሁን እንኳ ከበቂ በላይ አግኝቷል።

ሎቪና ፔንሮዝ


ክሌይ ፎርክ
ጥር 9 ቀን 1885

ለሎቪና ፔንሮዝ

እንደምን ከረምሽ? አምላክ ለሁላችንም የሚገባንን ይስጠን፤ ለአንቺም ጭምር።

የታኅሣሥ ምሽትሽ እንዲያልፍ ብዬ ነው ያዘገየሁት። ዛሬ የምትጽፈው ራሷ ዖርፋ ናት። በብርዱ ወራት ትምህርት ቤት እየገባች ፊደል ቆጥራለች። ያልኩትን ሁሉ ነው የምትጽፈው፤ ሳስልም ትጽፋለች። (አሁን ሳለ። ዖርፋ።)

የተኩላ ታሪክ ጠየቅሽ። ተኩላ አላሳደዳትም። እዚህ አገር ተኩላ ሰው አያሳድድም፤ ሥራ አለው። ሥራ ፈት ያለው እናንተ ዘንድ ነው።

ታሪክ ካሻሽ ይኸን ስሚ። የጉድጓድ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ታች ሆኖ ይቆፍራል፤ ሌላው ላይ ሆኖ መዘውሩን ይዞ አፈሩን በባልዲ ያወጣል፤ ሰውየውንም የሚያወርደውና የሚያወጣው እሱ ነው። ድሮ ለዚህ ሥራ ጎረምሳ እቀጥር ነበር። አንዱ ሰካራም ነበር፤ አንዱ ቀና ብሎ ሴት ሲያይ ባልዲውን ራሴ ላይ ለቀቀው። አሁን መዘውሩ የዖርፋ ነው። ክንዷን ብታዪው አውጉስታን ከነፒያኖዋ ታወጣለች።

ባለፈው መኸር የስዊድኑን ሰው የሉንድግሬንን ጉድጓድ ጀምረን፣ ዝናብ መጥቶ ትተነው ሰነበትን። ስንመለስ እግሬን ባልዲው ውስጥ አግብቼ ገመዱን ጨበጥኩና "አውርጂኝ" አልኳት። መዘውሩን ይዛ ቆመች።

"ሻማው የታለ?" አለች።

"የምን ሻማ?"

"ጉድጓዱ ሰንብቷል። ሲሰነብት መጥፎ አየር ይተኛበታል፣ መጀመሪያ ሻማ ይወርዳል፣ ሻማው ከጠፋ ሰውም ይጠፋል ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"እሱን ያልኩት ለጀማሪ ነው! እኔ ጉድጓድ ስቆፍር አባትሽም አልተወለደ። አውርጂ!"

"አላወርድም።"

"አንቺ ቁንጫ! እዚህ አዛዡ ማነው?"

"ታች ከሆንክ እኔ ነኝ። ታች ካልሆንክ ደግሞ አልወረድክም። እንግዲህ እዚያው ባልዲ ውስጥ ቁም።"

ሰደብኳት። የሰደብኳትን ብትጽፈው ወረቀቱ ይነድዳል። (አልጽፈውም። ዖርፋ።) ሉንድግሬንና ሚስቱ ወጥተው ይስቃሉ፤ ስዊድኖች አይስቁም ያለሽ ሰው ዋሽቶሻል። እሷን ለማሳፈር ብዬ ከባልዲው ወጣሁና ሻማውን በእጄ ለኩሼ አስቀመጥኩበት። አወረደችው። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጠፋ። ሌላ ለኮስኩ። ጠፋ። ሉንድግሬን ሳቁን ተወ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፒፓዬን አቀጣጠልኩ። እሷ ቅጠል አስራ በገመድ እያወረደች እያወጣች አየሩን ስታናፍስ ዋለች።

ይኸው ነው። ተኩላ የለበትም፤ ማኅበርሽን አይሞቀውም።

ፎቶግራፍም ልኬያለሁ። ዕቃውን በጋሪ ጭኖ የሚዞር ፎቶ አንሺ መጥቶ ነበር። ጫማሽን አውልቂ ስላት "ለምን? እግሬ ከመሬቱ ጋር ተጣልቷል?" ብላ እንቢ አለች። ጫማው የእኔ አሮጌ ቡትስ ነው፤ ቀኝም ግራም አለው። መሐል ያለችው በቅሎዋ ናት። ዝም ብላ አልቆም ብላ ራሷን ስታወዛውዝ ፎቶው ላይ ሁለት ራስ አውጥታለች። ለማኅበርሽ "ይህ የነብራስካ አውሬ ነው" በያቸው፤ ያምኑሻል።

ሳይረስ ታልቦት


ሚልብሪጅ
መጋቢት 3 ቀን 1887

ውድ አቶ ሳይረስ

እግዚአብሔር በቸርነቱ ይጠብቅዎ፤ ዕድሜም ይስጥዎ። ፎቶግራፉን ለማኅበሩ አላሳየሁም። በአገጯ ክላሪሳን ስለምትመስል ነው።

አቶ ፔንሮዝ በጥር አረፈ። አውጉስታ ለቀብሩ መምጣት አልተመቻትም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ትጽፋለች። ዘጠኙ ክፍሎች እንዳሉ አሉ። እኔ የምውለው በታችኛው ነው።

አቶ ሳይረስ፣ ልጅቱ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አሁን የሚያስፈልጋት መዘውር አይደለም፤ ጥሩ አነጋገር፣ ጥሩ አቀማመጥና የሴት ጓደኝነት ነው። የጽጌረዳ ሥዕል ያለበት ወረቀት የተለጠፈበት ክፍል አዘጋጅቼላታለሁ። ከእኔ ጋር ትቀመጣለች፤ ታነብልኛለች፤ ቀለል ያሉ ነገሮችን ታቀብለኛለች። እንደ ልጄ ትሆናለች።

ያለፈውን በማንሳት እንደማያሳፍሩኝ ተስፋ አለኝ። ነገር ግን እንቢ ካሉ ሕጉ ከእኔ ጋር መሆኑን ማወቅ ይገባዎታል። የባለቤቴ የወንድም ልጅ ፈርዲናንድ ጠበቃ ነው። በሐምሌ መግቢያ ይመጣል። ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ በአፈር ጎጆ ውስጥ ልጃገረድ ያሳድግ ወይስ የእናቷ እህት፣ ዳኛው ይፍረድ።

በፍቅር
ሎቪና ፔንሮዝ


ክሌይ ፎርክ
ሚያዝያ 1 ቀን 1887

ለሎቪና ፔንሮዝ

ባልሽን ነፍስ ይማር። ጸጥታ ይወድ ነበር፤ አገኘ።

ዘጠኝ ዓመቷ ሆኖ የምትናከስ ሳለች አልፈለግሻትም። አሁን እህል አብስላ፣ በቅሎ ጭና፣ ሰው ከመሬት ሆድ የምታወጣ ሆና ስትገኝ የእህትሽ ልጅ መሆኗ ትዝ አለሽ። ደግሞ "ታቀብለኛለች" ትያለሽ። ገረድ ቅጠሪ።

ጠበቃሽ ይምጣ። የዚህ አገር ዳኛ፣ ክሩም የሚባለው፣ የሚጠጣውን ውኃ ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ፍርድ ግን በውኃ አይገዛም፤ እኔም አልለምነውም።

ልጅቷ መሄድ ትፈልጋለች ወይ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። አልጠየቅኋትም። ሰው መጠየቅ ልማዴ አይደለም።

ሳይረስ ታልቦት

(እውነት ነው፣ አልጠየቀኝም። ዖርፋ።)


ክሌይ ፎርክ
ሐምሌ 6 ቀን 1887

ለሎቪና ፔንሮዝ

የሰማይ አምላክ ትዕግሥቱን ይስጠኝ፤ ለአንቺ ደግሞ ጆሮውን ይስጥሽ፤ የዛሬው ደብዳቤ ረዥም ነው።

ፈርዲናንድሽ መጣ። ነጭ ልብስ ለብሶ ነው የመጣው፤ ከጋሪው ሲወርድ ነጭ አልነበረም። ውኃ ጠየቀ፤ ዖርፋ ቀድታ ሰጠችው፤ ጠጣ፣ ደገመ፣ "እንዴት ያለ ውኃ ነው!" አለ። ከመሬት ነው የሚወጣው አልኩት። ቤታችን ሲገባ ከጣሪያው አቧራ አንገቱ ላይ ወረደበት፤ እባብ መስሎት ዘለለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጅል ነው። ጅልነቱም ጠቀመን፤ የማትናገሪውን ሁሉ እሱ ተናገረው።

ዖርፋ የበቆሎ ገንፎ እያቀረበችለት "አክስቴ ደህና ናት?" አለችው።

"ደህና ናት። ከወደቀች ወዲህ በምርኩዝ ነው እንጂ።"

"ወደቀች?"

"ባለፈው ዓመት፣ ከደረጃው ላይ። ወገቧን። አልጻፈችልሽም እንዴ?"

"ማን ይረዳታል?"

"ሠራተኞች ነበሩ፤ አይበረክቱላትም፤ አፏን ታውቂው የለ። ደወል አላት። ቀኑን ሙሉ ትደውላለች።"

"ማን ይመጣል?"

ፈርዲናንድ ማንኪያውን አስቀመጠ። "እኔ እሑድ እሑድ ብቅ እላለሁ" አለ።

እኔ በልቤ ደስ አለኝ። አልዋሽሽም። ይበላት አልኩ። ልጅቷ ግን ገንፎዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ወጣች።

በማግስቱ ችሎት ሆነ። ፍርድ ቤቱ ጣሪያ ስላልወጣለት ዳኛው ክሩም የሚፈርደው ባለሱቁ ቤት፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው። አገሩ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ሰው ሥራውን ትቶ የሚመጣው ለቀብርና ለችሎት ነው። ፈርዲናንድ ተነሥቶ ስለ ጽጌረዳው ወረቀት፣ ስለ ፒያኖው፣ ስለ ደም ዝምድና ተናገረ። ጥሩ ተናገረ። እኔን "ይህ የተከበረ ግን ያልተማረ አዛውንት" አለኝ። ሉንድግሬን ከኋላ "የተከበረ ያለውን ሰረዝ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ።

ዳኛው "ሳይረስ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" አለኝ።

"ምንም አልልም።"

"ልጅቷን ትፈልጋለህ አትፈልግም?"

"ዳኛው አንተ ነህ። ፍረድ።"

እንዲህ ነው ያልኩት። ቢሰቅሉኝም ሌላ አልልም ነበር።

ዳኛው መጽሐፉን ገለጠና፣ ወላጅ የሌለው ልጅ አሥራ አራት ዓመት ካለፈው ሞግዚቱን ራሱ ይመርጣል፣ ሕጉ ይኸው ነው፣ ጨርሰናል አለ። ፈርዲናንድ ይህን ሳያውቅ ነው ከኦሃዮ ድረስ የመጣው። እኔም አላውቅም ነበር፤ እኔ ግን ጠበቃ ነኝ አላልኩም።

"ዖርፋ ታልቦት፣ ማንን ትመርጫለሽ?"

"ሞግዚት ሥራው ምንድን ነው?" አለች።

"ወላጆችሽ የተዉልሽን መሬት ይጠብቃል። ስለ አንቺ ይናገራል፣ ስለ አንቺ ይፈርማል። አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላሽ።"

"ሊፈርምበት ሲሆን ወረቀቱን መጀመሪያ ያነበዋል?"

"ማንበብ አለበት።"

"አክስቴ ማንበብ ትችላለች?"

ፈርዲናንድ ደረቱን ነፍቶ "እንዴታ! ያውም ሦስት ጊዜ ነው የምታነበው!" አለ።

"እንግዲያውስ አያቴን እመርጣለሁ።"

ዳኛው "ስለሚወድሽ ነው?" አላት።

"እሱን እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። ማንበብ ስለማይችል ነው። ወረቀቱን የማነብለት እኔ ነኝ፤ ጣቱን የት እንደሚያትም የማሳየውም እኔ ነኝ። ሞግዚት ካስፈለገ እንዲህ ያለው ይሻለኛል።"

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ከጆንያው ሊወድቅ ነበር። ባለሱቁ እንባውን በሽርጡ ይጠርጋል። እኔ ሳይረስ ታልቦት፣ የዚህ አገር ግማሽ ሰው የሚጠጣውን ውኃ ያወጣሁ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የልጅ ማኅተም ሆኜ ቀረሁ! ተነሥቼ ወጣሁ። ጋሪው ላይ አልወጣሁም፤ በእግሬ ሄድኩ። እሷ በጋሪው ከኋላዬ ቀስ እያለች ተከተለችኝ፤ አልፋኝም አልሄደች፤ ውጣም አላለችኝ። ቤት ደርሰን አላናገርኳት፤ በማግስቱም አላናገርኳት። ገንፎ አቀረበች፤ በላሁ። መናገር ሌላ መብላት ሌላ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወረቀትና ቀለም ይዛ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"በል ተናገር፣ ልጽፍ ነው" አለች።

"ለማን?"

"ለአክስቴ።"

"ምን ብዬ?"

"ነይ ብለህ።"

መጀመሪያ ያበደች መሰለኝ። "ወዴት ነው የምትመጣው?"

"እዚህ። ፈርዲናንድ ያምጣት።"

"ያቺ ሴትዮ? እዚህ ቤት? በራብሽ ጊዜ የወፍ ባርኔጣ የላከችልሽ?"

"አዎ እሷ።"

"ትወጃታለሽ?"

"አልወዳትም።"

"ታዲያ?"

"አያቴ፣ ታች ያለ ሰው ገመዱን ሲጎትት ማን ነህ ብለን እንጠይቃለን? እናወጣዋለን። ከወጣ በኋላ እንሰድበዋለን።"

"እኔ ሞግዚትሽ ነኝ፤ አልፈቅድም!"

"ነህ። አልፈቅድም ብዬ ልጻፍና ጣትህን ልታትምበት? የጻፍኩትን ግን በምን ታውቃለህ?"

ይኸውልሽ። የእናንተን ቤተሰብ አገጭ ይዛ፣ የእኔን አፍ ይዛ፣ ከሁለታችንም የባሰች ሆና አድጋለች። እኔ በቤቴ የሚያዝዝብኝ አንድ ሰው እንኳ በዝቶብኝ ነበር። አሁን ሁለት ልትሆኑ ነው።

እንግዲህ ስሚ። ነይ ተብለሻል። ነይ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ብሆን እዚያው ደወልሽን ደውዪ ነበር የምለው፤ ይህንንም ጻፊ አልኳት፣ ጽፋዋለች። አልጋ ይዘሽ ነይ። ፒያኖ አታምጪ። ጣሪያው ሲያፈስ ክላሪሳ እንዳደረገችው የክፍል ቁጥር አትቁጠሪብኝ፤ ያለው አንድ ክፍል ነው። ምግቡ ገንፎ ነው። ትሕትና የምታስተምሪው ሰው ከፈለግሽ በቅሎዋ አለች። ኩበት መልቀም ወገብ ስለሚፈልግ ይቅርልሽ፤ አተር መፈልፈል ግን ተቀምጦ ይሆናል። ደወሉን ከፈለግሽ አምጪው፤ እዚህ ስትደውዪ የምትመጣው ልጅ እጇን አፈር እንደነካው ነው የምትመጣው፣ መጋረጃም የለንም፣ የምትጠርገው ቀሚስሽ ላይ ነው።

ባቡሩ እዚህ የሚቆመው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ማክሰኞ ከመጣሽ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ዓርብ ከመጣሽም ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። የምትቀበልሽ ልጅቷ ናት።

ሳይረስ ታልቦት